ኦዲተሩ የባንኩንና የካዝናውን ገንዘብ እንዴት ያጣራል?



ለእርዳታው ሥራ ገንዘባችሁን የምታዋጡ ወገኖች ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን ጥያቄዎች መካከል አንዱ፣ «ሒሳባችን በኦዲተር ተመርምሯል ትላላችሁ፤ ለመሆኑ ኦዲተሩ መጥቶ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓመታዊው ሪፖርት ላይ የምትመለከቱት የኦዲተሩ አስተያየት ከአንድና ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ስለሆነ፣ ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ሥራ ከውጭ ሆኖ መገመት ያስቸግራል። በዚህ እትም ከሥራው ሁሉ አንዱን ክፍል ብቻ፣ ማለትም በባንክና በካዝና ያለው ገንዘብ የሚጣራበትን መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን። ይህን ክፍል የመረጥነው ጥሬ ገንዘብ ከሌላው ንብረት ሁሉ ይልቅ ለመጥፋት የቀለለ ስለሆነ ነው። አንድ ኩንታል በቆሎ ለመውሰድ ቢያንስ አህያ ያስፈልጋል፤ መቶ ሺህ ብር ግን በኮት ኪስ ይገባል።

ምርመራው በእኛ በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 መሠረት እንደ እኛ ያለ ድርጅት በየዓመቱ ሒሳቡን አስመርምሮ ለባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ማቅረብ ይኖርበታል። ኦዲተሩም ማንም የሒሳብ ዕውቀት ያለው ሰው ሊሆን አይችልም፤ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት በተቋቋመው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሥር ፈቃድ ያገኘ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ እናስታውሳችሁ። ከእናንተ የሚሰበሰበው ገንዘብ አዲስ አበባ ባለው ዋና የባንክ ሒሳብ ይገባል። ከዚያም በሥራው ዕቅድ መሠረት ለሐዋሳው ቢሮ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ይተላለፋል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ የመንግሥቱም የግሉም ባንክ በየመንገዱ አለባት። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ቦርቻ ወይም ወደ ሎካ አባያ ቀበሌዎች ሲወረድ ግን በአቅራቢያው ባንክ የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ለእርከን ሥራ የቀን ሠራተኞችና ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በከረጢት ተይዞ ይሄዳል። እንግዲህ የአንድ ድርጅት ገንዘብ በአንድ ቀን ውስጥ በባንክ፣ በቢሮው ካዝና፣ በመስክ ሠራተኛ እጅና፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደ ቴሌብር ባለው የስልክ ሒሳብ ተከፋፍሎ ሊገኝ ይችላል። ኦዲተሩ የሚያጣራው ይህን ሁሉ ነው።

ከባንኩ እንጀምር። ስለ አንዱ ገንዘብ ሁለት መዝገብ አለ፤ አንዱን የእኛ የሒሳብ ክፍል ይጽፈዋል፣ ሌላውን ባንኩ ይጽፈዋል። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያሳዩበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኛ ቼክ ጽፈን ስንሰጥ ያን ዕለት በወጪ እንመዘግባለን፤ ባንኩ ግን ቼኩን የሚያውቀው ተቀባዩ ይዞት ሲቀርብ ነው። ባንኩ የአገልግሎት ዋጋ ሲቆርጥ ደግሞ እርሱ ቀድሞ ያውቃል፣ እኛ የምናውቀው ስቴትመንቱ ሲደርሰን ነው። በየወሩ መጨረሻ ይህን ልዩነት አንድ በአንድ እየዘረዘሩ ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኙበት ወረቀት የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ይባላል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይቀላልና የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። ሰኔ 30 ቀን የባንኩ ስቴትመንት 1,284,650 ብር አለ ይላል እንበል። የእኛ መዝገብ ደግሞ 1,137,920 ብር ይላል። ልዩነቱ ከ146 ሺህ ብር በላይ ስለሆነ ያስደነግጣል። ነገር ግን ሲዘረዘር፣ በሰኔ መጨረሻ የተጻፉ ሦስት ቼኮች ገና ለባንክ አልቀረቡም፤ ለጭነት መኪና ኪራይ 118,000፣ ለዘር ግዢ 62,400፣ ለጽሕፈት መሣሪያ 9,250፣ በድምሩ 189,650 ብር ነው። በሌላ በኩል ለባንኩ የሰጠነው የሌላ ባንክ ቼክ 45,000 ብር ገና አልተጣራም። ከባንኩ ቁጥር ላይ 45,000 ደምረን 189,650 ስንቀንስ 1,140,000 ብር ይሆናል። ወደ እኛ መዝገብ ስንመለስ ደግሞ ስሙን ሳይነግረን በቀጥታ ባንክ ሄዶ 2,450 ብር ያስገባ አንድ ደጋፊ እናገኛለን፤ ባንኩም 370 ብር የአገልግሎት ዋጋ ቆርጧል። የመጀመሪያውን ደምረን ሁለተኛውን ስንቀንስ የእኛም ቁጥር 1,140,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ ታረቁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የኦዲተሩ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። ነገር ግን በእርሱ በኩል ሥራው ገና መጀመሩ ነው፤ ምክንያቱም መደመርና መቀነስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊያጠፋው የፈለገውን ገንዘብ «ለባንክ ያልቀረበ ቼክ» ብሎ በማስታረቂያው ላይ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ኦዲተሩ የሐምሌንና የነሐሴን ስቴትመንት ያስቀርባል። የመኪናው ኪራይ ቼክ ሐምሌ 4 ቀን ተከፍሎ ከተገኘ መልካም ነው። 45,000 ብሩም በሐምሌ የመጀመሪያ ቀናት ገቢ ሆኖ መታየት አለበት። ቼኩ እስከ መስከረም ካልተከፈለ ግን ጥያቄ ይነሣል፤ ተቀባዩ ማን ነው? ቼኩ በእርግጥ ተሰጥቶታልን? ወይስ የዓመቱ በጀት ሥራ ላይ የዋለ እንዲመስል ተጽፎ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል? በሕጋችን ቼክ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ለክፍያ መቅረብ ስላለበት፣ ከዚያ በላይ የቆየ ቼክ በማስታረቂያው ላይ ዓመት ከዓመት ሲንከባለል መገኘቱ የሒሳብ ክፍሉን ድካም ያሳያል። ኦዲተሩ እንዲህ ያለውን ቼክ እንድንሰርዝና ገንዘቡን ወደ መዝገባችን እንድንመልስ ይጠይቃል።

በዚህ አጋጣሚ በአገራችን ብቻ ስለሚያጋጥም አንድ ነገር እናንሣ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚያልቀው ሰኔ 30 ቀን ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 7 ይሆናል። የአገራችን ባንኮች ዓመታቸውን የሚዘጉት ግን ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 ቀን ነው። የክፍያ ሰነዶቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጻፉ የባንኩ ስቴትመንት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይመጣል። በመካከሉ ያሉት ሰባት ቀናት ብዙ ሥራ የሚሠራባቸው ቀናት ናቸው፤ በጀት ሊዘጋ ሲል ክፍያ እንደሚበዛ ማንም የቢሮ ሠራተኛ ያውቃል። ባንኩ የጁን 30ን ቁጥር ሰጥቶ የእኛ መዝገብ የሰኔ 30ን ቁጥር ቢይዝ፣ ሁለቱም «ሠላሳ» ስለሚሉ ያልተጠነቀቀ ሰው አንድ ቀን ይመስለዋል። ጠንቃቃ ኦዲተር ቀኑን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር ለውጦ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በጳጉሜን የተጻፉ ቼኮችንም ለይቶ ይመለከታል፤ የውጭ አገር የሒሳብ ፕሮግራም ጳጉሜንን ስለማያውቃት ሠራተኛው ወይ በነሐሴ ወይ በመስከረም ያስገባታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። ኦዲተሩ በእኛ በኩል የቀረበለትን ስቴትመንት ብቻ አምኖ አይቀመጥም። እኛ ፈርመን ፈቃድ የሰጠንበትን ደብዳቤ ራሱ ለባንኩ ይልካል፤ ባንኩም መልሱን በቀጥታ ለኦዲተሩ ይልካል እንጂ በእኛ እጅ አያልፍም። ደብዳቤው በዕለቱ ያለውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በድርጅቱ ስም የተከፈተውን ሒሳብ ሁሉ፣ በዓመቱ ውስጥ የተዘጋውንም ጭምር፣ ብድርና ዋስትናን፣ እንዲሁም መፈረም የሚችሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ይጠይቃል። ከሥራ የለቀቀ ሰው ስም ከፈራሚዎች መካከል ሳይሰረዝ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ከተማዋ «አዋሳ» ተብላ ትጻፍ በነበረበት ዘመን የተከፈተ ሒሳብ ካለም በሁለቱም አጻጻፍ መፈለግ አለበት፤ የተረሳ ሒሳብ ለአጥፊ ሰው ምቹ ነው።

መልሱ ለምን በእኛ እጅ እንደማያልፍ የሚጠይቅ ቢኖር በጣሊያን አገር የሆነውን እንንገረው። ፓርማላት የተባለው ትልቅ የወተት ኩባንያ በአንድ ቅርንጫፉ ስም 3.95 ቢሊዮን ዩሮ በባንክ ኦፍ አሜሪካ አለኝ ይል ነበር፤ ይህንንም የሚያረጋግጥ የባንኩ አርማ ያለበት ደብዳቤ ነበረው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ባንኩ ደብዳቤው የእኔ አይደለም አለ። ገንዘቡም አልነበረም፤ ኩባንያው በዚያው ወር ወደቀ። ሰው ከዚህ ይማራል ሲባል እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዋየርካርድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በፊሊፒንስ ባንኮች አለኝ ያለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ እንደሌለ ተረጋገጠ፤ ሁለቱ የፊሊፒንስ ባንኮች የቀረቡት ሰነዶች የሐሰት መሆናቸውን ተናገሩ። እነዚህን የመረመሩ ሰዎች ስመ ጥር ኦዲተሮች ነበሩ። ስለዚህ የሐዋሳው ኦዲተር ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ በእግሩ ሄዶ ደብዳቤውን ሲያስፈርም ብታዩት አላመነንም ብላችሁ አትዘኑ።

የባንኩም መዝገብ ቢሆን ስሕተት አይገኝበትም አይባልም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩ በኋላ ባደረገው ማጣራት የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ አስታውቋል። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። የእያንዳንዱን ደንበኛ ድርሻ ለይቶ ለማወቅ የተቻለውም ያን ሌሊት የተደረገው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በመዝገብ ላይ ስለተገኘ ነው። በየወሩ የማያስታርቅ ድርጅት ባንኩ የሌላ ሰው ክፍያ በስሕተት ቢቆርጥበት እንኳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለትና ሦስት የባንክ ሒሳብ ላለው ድርጅት አንድ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል። ከአዲስ አበባው ሒሳብ ወደ ሐዋሳው ሒሳብ በዓመቱ መጨረሻ የተላለፈ ገንዘብ ካለ፣ ከአንዱ የወጣበትና ለሌላው የገባበት ቀን በአንድነት ይታያል። በሐዋሳ ሰኔ 29 ቀን ገቢ ሆኖ በአዲስ አበባ መዝገብ ግን ሐምሌ 3 ቀን ወጪ ከሆነ፣ ያው አንድ ገንዘብ በሰኔ 30 ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ጉድለትን ለጥቂት ቀናት መሸፈን ይቻላል። ኦዲተሩ የሚመጣባቸው ቀናት እነዚያው ጥቂት ቀናት ስለሆኑ ዘዴው በብዙ አገር የታወቀ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ወረቀቱ የሚናገርበትም ጊዜ አለ። የአሥራ ሁለቱ ወራት ማስታረቂያ ሁሉ በአንድ ቀለም፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ወረቀቱም ሳይጨማደድ ቢቀርብ፣ በየወሩ ሳይሆን ኦዲተሩ ሊመጣ ሲል በአንድ ሳምንት የተሠራ መሆኑን ልምድ ያለው ሰው ወዲያው ያውቃል። በእኛ አስተያየት ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። የመስከረም ስሕተት በጥቅምት ከተገኘ ይታረማል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ከተገኘ ግን ቼኩን የወሰደው ሰው አድራሻውን ለውጧል።

ማስታረቂያውን የሚሠራው ሰው ገንዘብ ያዡ መሆን የለበትም። የሠራው ሰው ይፈርማል፤ ሌላ ኃላፊ አይቶ ይፈርማል። ይህ አሠራር የፈረንጅ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 እንደምናነበው በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ እድሳት የሚዋጣው ገንዘብ ክዳኑ በተነደለ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሲበዛም የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን በአንድነት መጥተው ይቆጥሩት ነበር። ካህኑ ታማኝ ስላልነበረ አይደለም፤ ሁለት ሆነው የቆጠሩት ገንዘብ ሐሜት ስለማይደርስበት ነው። እዚያው ላይ ገንዘቡን ለሠራተኞች የሚከፍሉት ሰዎች ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ እንዳልተጠየቁ ተጽፏል። ይህን ለኦዲተሮች ብንጠቅስላቸው ፈገግ ብለው ደረሰኙን አምጡ ይላሉ።

አሁን ወደ ካዝናው እንሂድ። የካዝና ቆጠራ የሚደረገው ድንገት ነው። ኦዲተሩ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ይደርስና ከሰላምታ በኋላ ቆጠራ እንዲጀመር ይጠይቃል፤ ካዝናና የገንዘብ ሣጥን ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያሽጋቸዋል፤ አለዚያ ከተቆጠረው ሣጥን ወዳልተቆጠረው ገንዘብ ሊዘዋወር ይችላል። ቆጠራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገንዘብ ያዡ ባለበት ይከናወናል። ኦዲተሩ ገንዘቡን ይዞ ብቻውን አይቀርም፤ ጉድለት ቢገኝ ማን ወሰደው ይባላል? ሲያበቃም ገንዘብ ያዡ «በፊቴ ተቆጥሮ በሙሉ ተመልሶልኛል» ብሎ ይፈርማል።

ለምሳሌ ለጥቃቅን ወጪ የሚውል 10,000 ብር ለገንዘብ ያዧ ተሰጥቷል እንበል። በማንኛውም ሰዓት በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብና የወጪ ደረሰኙ ሲደመር 10,000 መሆን አለበት። ሲቆጠር ባለ 200 ብር 19፣ ባለ 100 ብር 8፣ ባለ 50 ብር 4፣ ባለ 10 ብር 5፣ ባለ 5 ብር 2፣ ሳንቲም ደግሞ 5 ብር ተገኘ፤ ድምሩ 4,865 ብር ነው። ደረሰኙ 4,735 ብር ሆነ። ሁለቱ ሲደመሩ 9,600 ብር ነው። የቀረው 400 ብር የት አለ? በሣጥኑ ሥር በብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ይገኛል፤ የዘበኛው ልጅ ታሞ ለሕክምና 400 ብር ተበድሯል፣ ደመወዝ ሲወጣ ይመልሳል። ገንዘብ ያዧ ያደረገችው ከርኅራኄ የተነሣ እንደሆነ ማንም ይረዳል። ይሁን እንጂ ኦዲተሩ ይጽፈዋል፣ እኛም እንዲጽፈው እንፈልጋለን። ለቦርቻ ችግረኞች ተብሎ ከተሰጠ ገንዘብ ላይ ማበደር ርኅራኄው የእርስዋ፣ ገንዘቡ ግን የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ለታመመ ልጅ የሚሆን መንገድ ድርጅቱ በሌላ በኩል ሊያዘጋጅ ይገባዋል።

ገንዘቡ በየዓይነቱ ተለይቶ የሚቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ምስል ያለበት ብር ተለውጧል፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ተለውጠው ባለ 200 ብር ተጨምሯል። የሦስቱ ወር መለወጫ ጊዜ ካለፈ በኋላ በካዝና ውስጥ አሮጌ ኖት ቢገኝ፣ ቁጥሩ ቢሞላም ገንዘብ አይደለም።

ከቆጠራው ጋር የገቢ ደረሰኞች በተራ ቁጥራቸው ይታያሉ። ሰኞ በደረሰኝ የተቀበልነው ገንዘብ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ባንክ መግባት አለበት። በየጊዜው አምስትና ስድስት ቀን የሚዘገይ ከሆነ የዛሬው ገቢ የባለፈውን ሳምንት ጉድለት እየሸፈነ ሊሆን ይችላል። የተሰረዘ ደረሰኝ ሦስቱም ቅጠሉ ከጥራዙ ጋር መገኘት አለበት፤ አንዱ ቅጠል ከጎደለ ተሰርዟል የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

ወደ ቀበሌ በከረጢት የሄደው ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታወቀው የክፍያ ሥርዓት ለእኛም ዓይነቱ ሥራ ያገለግላል፤ የተቀባዩ ስም፣ የቀናቱ ብዛት፣ የገንዘቡ ልክ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ኦዲተሩ የክፍያውን ሊስት ሲያገላብጥ አሻራው የተለያየ መሆኑን ይመለከታል፤ አርባ ስም በአንድ አውራ ጣት የታተመበት ሊስት በዓለም ላይ ተገኝቶ ያውቃልና። ከሊስቱም ጥቂት ስሞችን መርጦ ወደ ቀበሌው ወርዶ ሰዎቹን ያነጋግራል። ያልተከፈለ ትርፍ ገንዘብ ካለ በስንት ቀን ወደ ካዝና እንደተመለሰም ይጠይቃል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርባቸውን ሪፖርቶች የተከታተላችሁ፣ በወቅቱ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያና ተሰብሳቢ ሒሳብ በየዓመቱ እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኦዲተሩ አንድም ሳንቲም አልጠፋም ብሎ አይምልም። ሰነዱን ሁሉ አያይም፤ እየመረጠ ያያል። ከሻጩ ጋር ተስማምቶ ዋጋ ያስጨመረ ሠራተኛ ቢኖር ቼኩም፣ ደረሰኙም፣ ስቴትመንቱም ይስማማሉ፤ የባንክ ማስታረቂያ ይህን አያሳይም። ለዚያ የግዢውን ዋጋ በሐዋሳ ገበያ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን በሌላ እትም እንመለስበታለን።

በመጨረሻ ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በምሳሌው ላይ ያያችሁት ስሙ ያልታወቀ 2,450 ብር በእውነትም በየወሩ የሚያጋጥመን ዓይነት ነው። ባንክ ሄዳችሁ ወይም በስልካችሁ ስትልኩ ስማችሁንና ገንዘቡ ለምን ሥራ እንደሆነ በምክንያት መጻፊያው ላይ ጻፉ፤ ከዚያም የባንኩን ወረቀት ወይም ፎቶውን ለቢሮአችን አድርሱን። እኛም የድርጅቱን ደረሰኝ እንቆርጥላችኋለን። ደረሰኙ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልደረሳችሁ ጠይቁን። ኦዲተሩ ከደጋፊዎች መካከል ጥቂቱን መርጦ «ይህን ያህል ሰጥታችኋልን?» የሚል ደብዳቤ ሲጽፍላችሁም መልሱን በእኛ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእርሱ ላኩለት።